የካርቶን ጅብ

ጅብ ከምን ይሠራል ብትሉኝ እነግራችኋለሁ፤ ባለፈው ዓመት ሠርተናልና። ሁለት የብስኩት ካርቶን፣ አንድ ሳህን የፉርኖ ዱቄት፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ የከሰል ብናኝና ጥቂት ቃጫ ይበቃል። ካርቶኑን ለአፍንጫው ረዘም፣ ለጆሮው ከበብ አድርገን ቆረጥን። ዱቄቱን በውኃ በጥብጠን፣ እሳት ላይ እያማሰልን ሙጫ አበጀን። ጋዜጣውን እየቀደድን በሙጫው ነክረን ሦስት ጊዜ ደራረብንበት። በነጋታው ሲደርቅ የከሰሉን ብናኝ በዚያው ሙጫ ለውሰን ቀባነው፤ ቃጫውን ከጀርባው እንደ ጋማ ሰፋንለት፤ ጥርሱን ከነጭ ጀሪካን ቆረጥን። የዓይኑን ቀዳዳ በቀይ ፌስታል ቁራጭ ሸፍነን ከውስጥ የስልክ መብራት አበራንበት። የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ ጅቡ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ ሲል የሰንበት ትምህርት ልጆች ጮኹ። ጭንብሉ ወልቆ የሚያውቁት ልጅ ሆኖ ሲያገኙት ደግሞ በሳቅ ፈረሱ።

ድራማው ለወጣቶች ሳምንት የተዘጋጀ ነበር። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከፍርሃት ነጻ ስለ ወጣ ጎረምሳ የሚናገር ሲሆን ሁለተኛው ትዕይንት "የቡዳው ቤት" ይላል። መድረክ የሚያዘጋጁት ልጆች ከየቤታቸው ያለውን አመጡ፦ እንስራ፣ ገንቦ፣ ጀበና፣ የተሰነጠቀ ምጣድ። በግድግዳው ሥር ደርድረው ከታች መብራት ሲለቁበት ጥላው ጣሪያ ደረሰ። ሁላችንም አጨበጨብን። የቡዳ ቤት ለምን በሸክላ እንደሚሞላ የጠየቀ አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።

ጋዜጣ ስትለጥፍልን የዋለች አንዲት እኅት ግን በዚያ ምሽት ሳትሰናበት ሄደች። ሁለት ቅዳሜ ከልምምድ ቀረች። ስደውልላት ጥቂት ዝም አለችና፣ "ጋሼ፣ ያ ቤት እኮ የአያቴ ቤት ነው" አለችኝ። አያቷ ቀጨኔ የሚኖሩ ሸክላ ሠሪ ናቸው።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለረጅም ጊዜ ተቀምጬ አሰብኩ። በጉለሌ ክፍለ ከተማ እያገለገልኩ፣ ከቀጨኔ በተገዛ ጀበና ቡና እየጠጣሁ፣ የጎረቤቴን ቤት መድረክ ላይ ማስፈራሪያ አድርጌ አቆምኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ማስፈራሪያ ታሪክ ማንበብና ሰው መጠየቅ ያዝኩ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

ከእጅ ባለ ነገር ማስፈራራት

ሰው በቤቱ ባለው ነገር ማስፈራሪያ መሥራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። ገጠር ያደጋችሁ ወይም ለዕረፍት አያቶቻችሁ ዘንድ የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ። ማሽላው ሲያሸት ወፍ እንዳይጨርሰው ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ይወነጭፋሉ፤ ጅራፍ ያጮኻሉ፤ ቆርቆሮ ይመታሉ። ጠባቂ ልጅ በማይገኝበት ማሳ ላይ ደግሞ ሁለት እንጨት አጣምረው፣ የተቀደደ ሸሚዝ አልብሰውና ጭድ ጠቅጥቀው ባርኔጣ ይደፉበታል። ይህ ማስፈራርቾ ነው። ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 10 ጣዖትን ያመሳሰለው በአትክልት እርሻ መካከል ከሚቆም እንዲህ ካለ ነገር ጋር ነው። ሰው በእጁ የሠራውን መልሶ መፍራቱ አስገርሞታል።

መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ከቤት ዕቃ የተሠሩ ሌሎች ማስመሰያዎችም አሉ። በ1ኛ ሳሙኤል 19 ሜልኮል ምስል አልጋ ላይ አጋድማ፣ ራስጌው ላይ የፍየል ጠጉር አድርጋና ልብስ አልብሳ የተኛ ሰው አስመሰለችው። የሳኦል መልእክተኞች ነገሩን እስኪያውቁ ድረስ ዳዊት አመለጠ። በመሳፍንት 7 ጌዴዎን ለሦስት መቶ ሰዎቹ ያስያዛቸው ቀንደ መለከት፣ ባዶ ማሰሮና በማሰሮው ውስጥ የተሸሸገ ችቦ ነበር። በሌሊት ማሰሮው ተሰብሮ ብርሃኑ ድንገት ሲወጣ የምድያም ሰፈር ተሸበረ። ጌዴዎንን ልብ ብላችሁ ያዙልኝ፤ በመጨረሻ እንመለስበታለን።

በየዓመቱ ጥቅምት 21 ገደማ ስልካችሁን የሚሞላውን የሃሎዊንን ምስልም አይታችኋል። ስሙ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ማለት ነው። ዛሬ ዱባ ተቦርቡሮ ፊት የሚቀረጽበት ልማድ በአየርላንድና በስኮትላንድ ሰዎች ሥራ ሥር አትክልት ቦርቡረው ፍም ወይም ሻማ ያስቀምጡበት ከነበረው የመጣ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን ወደ አሜሪካ የተሰደዱት አየርላንዳውያን እዚያ ትልልቅና ለመቦርቦር የሚቀል ዱባ አገኙ። ስለ በዓሉ ቤተ ክርስቲያናት የተለያየ አቋም አላቸው፤ የዛሬው ጉዳያችን እርሱ አይደለም። እኔ ልብ ያልኩት አንድ ነገር ነው፦ እዚያም ቢሆን ማስፈራሪያው የተሠራው ወጥ ቤት ውስጥ ካለ ነገር ነው።

በአገራችን የዘመናዊ ቴአትር ታሪክም የሚጀምረው በአውሬ ነው። ሩስያ ተምረው የመጡትና በኋላ የ1923 ዓ.ም.ን ሕገ መንግሥት ያረቀቁት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ "ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ" የተባለውን የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት ጻፉ። ተዋንያኑ እንስሳት ይመስሉ እንጂ ንግግሩ ስለ ቤተ መንግሥቱ ሰዎች ነበር። ተመልካቾቹም ገባቸው፤ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። መድረክ ላይ የአውሬ ፊት ሲታይ ተመልካች ወዲያው "ይህ ማንን ነው?" ብሎ እንደሚጠይቅ ያኔም ታውቆ ነበር። እኔ ግን ያን ጥያቄ ሳልጠይቅ ድራማ ጻፍኩ።

የማይወልቀው ጭንብል

ማስፈራርቾ መኸር ሲያልፍ ይነቀላል። የኛ ጅብም ድራማው ሲያልቅ ወልቋል። የማይወልቅ ጭንብል ግን አለ፤ ሰፈራችን ውስጥ ነው ያለው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ከተማዋ ምጣድ፣ ሸማ፣ ማረሻና ኮርቻ አስፈለጋት። የእጅ ባለሙያዎች ከሰሜን ሸዋና ከሌሎችም አካባቢዎች እየመጡ ሰፈሩ። ከሰፈሮቻቸው አንዱ ቀጨኔ ነው። ከመካከላቸው ራሳቸውን ቤተ እስራኤል ብለው የሚጠሩ አሉ። ሴቶቹ በሸክላ ሥራ፣ ወንዶቹ በሽመናና በብረት ሥራ ይታወቃሉ። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎችም እዚሁ ጉለሌ ውስጥ፣ ሽሮ ሜዳና አዲሱ ገበያ ዙሪያ ኖሩ። ለበዓል የምትለብሱት ጥበብ ብዙ ጊዜ የእነርሱ የእጅ ሥራ ነው።

ሸክላ እንዴት እንደሚሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ጭቃው ተቆፍሮ ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ በውኃ ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል። ሸክላ ሠሪዋ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጇ ብቻ፣ ዕቃውን እየዞረች ታበጀዋለች። በድንጋይ ታለሰልሰዋለች። ጥላ ውስጥ ቀስ ብሎ ከደረቀ በኋላ እንጨት፣ ቅጠልና ኩበት ለብሶ ይቃጠላል። የብዙ ቀን ድካም በአንድ እሳት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዚያ የተረፈው በጀርባ ታዝሎ ገበያ ይወርዳል።

እነዚህን ሰዎች ነው የአገራችን ወሬ "ቡዳ" ያላቸው። ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ቀን ሰው፣ ሌሊት ጅብ ናቸው፤ በዓይናቸው ይበላሉ ተባለ። ይህ ወሬ ዕድሜ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓመታት ትግራይ ውስጥ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ፣ ሰዎች ስለ ቡዳ የሚያወሩትን መዝግቧል። ጆሮው ላይ የወርቅ ጉትቻ ያለው ጅብ ታየ የሚለውም ወሬ በጽሑፉ ውስጥ አለ፤ ጅቡ ጉትቻውን ሳያወልቅ የተለወጠ ቀጥቃጭ ነው ለማለት ነው። ጉትቻ ማለት እንግዲህ ትንሽ ዕቃ ናት። አንድን ሕዝብ አውሬ ለማድረግ ከዚያ በላይ አላስፈለገም።

ለምን እነርሱ? እኔ እንዲህ ይመስለኛል። አብዛኞቹ ባለሙያዎች ርስት አልነበራቸውም። በትውፊት እንደሚነገረው በ15ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የነገሡት ዐፄ ይስሐቅ ያልተጠመቀ ቤተ እስራኤል ርስት እንዳይወርስ አዘዙ። መሬት የሌለው ሰው የሚኖረው በእጁ ሥራ ነው። ገበሬው ያለ እነርሱ ማረሻና ምጣድ አይኖረውም፤ በማዕዱ ግን አያስቀምጣቸውም። የሚያስፈልግህን ሰው ከናቅከው ምክንያት ትፈልጋለህ። "ጅብ ነው" የሚለው ወሬ ምክንያት ሆነ። ጅብ ከተባለ ከእርሱ ጋር አይበላም፣ ልጅ አይዳርም፣ ርስት አይጠየቅም። ዕቃው ግን ይገዛል።

ቋንቋችን ራሱ እንዴት እንደ ተጣመመ ተመልከቱ። "ጠይብ" የሚለው ስድብ "ጠቢብ" ከሚለው ቃል ጋር አንድ ሥር አለው። የሸማውን ጠርዝ "ጥበብ" ብለን እናከብረዋለን፤ ባለ እጁን "ጠይብ" ብለን እንሰድበዋለን። ከቡዳ ይጠብቃል ተብሎ ሕፃን አንገት ላይ የሚታሰረው የክታብ ቆዳም እንኳ ያለፋው "ፋቂ" ተብሎ የተናቀው ባለሙያ ነው።

ይህን ነውር ያየ ንጉሥ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሰውን በሙያው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ አወጡ። ብረት የሚሠራውን፣ ሸማ የሚሠራውን፣ ቆዳ የሚፍቀውን እየዘለፉ አገር እንደማይቀና፣ የሰው ዘርም ሁሉ ከአዳምና ከሔዋን እንደ ሆነ አስገነዘቡ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ አልፎታል። ዛሬም ግን አንዲት ልጅ የአያቷን ሙያ ለጓደኞቿ ለመናገር ትፈራለች። አዋጅ አፍን ሊከለክል ይችላል፤ ወሬ ግን በጆሮ ከቤት ወደ ቤት ይሄዳል።

እኛስ የማን ወገን ነን?

"ይህ የሌሎች ልማድ ነው፤ እኛ ወንጌል ተምረናል" ትሉ ይሆናል። እኔም እንዲሁ እል ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ።

የመጀመሪያው የራሳችን ታሪክ ነው። በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ወደ አገራችን ከመጡት የወንጌል መልእክተኞች ብዙዎቹ በስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ባለው በቅዱስ ክሪሾና የሠለጠኑ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ደብረ ታቦር አቅራቢያ በጋፋት ሰፍረው እነ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር ብረት አቀለጡ። "ሴባስቶፖል" የተባለው መድፍ የወጣው ከዚያ ነው፤ ምስሉን በቸርችል ጎዳና ላይ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ አይታችሁታል። ከእነርሱ ወገን የነበረው ማርቲን ፍላድ ደግሞ በቤተ እስራኤል መካከል አገለገለ። በዚያ ዘመን ሚዛን እነዚህ ሰዎች ምን ይባሉ ነበር? ፍም የሚያራግቡ፣ ብረት የሚቀጠቅጡ ናቸው። ጳውሎስም ድንኳን ሰፊ ነበር። የናዝሬት ሰዎች ጌታችንን የናቁት ጠራቢነቱን አንሥተው እንደ ሆነ በማርቆስ 6 ታነቡታላችሁ። የእጅ ባለሙያን የምንንቅ ከሆነ የማንን ቤት እንደምንንቅ እንወቅ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ድሮ ቡዳ በላው የተባለ ሕመምተኛ ጭስ እየታጠነ "ማን በላህ?" ተብሎ ይጠየቅ ነበር። ጭሱ ሲያፍነው አንድ ስም ይጠራል። ስሙ የተጠራው ጎረቤት ከዚያ ቀን ጀምሮ አውሬ ነው። አሁን ጭሱን ትተናል። ግን በጸሎት ጊዜ የሚጮኽ ሰው የጎረቤቱን ስም ሲጠራ "አያችሁ፣ እርሷ ናት!" ብለን ወሬውን ይዘን ወደ ሰፈር የሄድንበት ጊዜ የለም? ሰይጣን ሐሰተኛ እንደ ሆነ ጌታ በዮሐንስ 8 ነግሮናል። ታዲያ የሐሰተኛን ምስክርነት ተቀብለን በአንዲት ባልቴት ላይ ለምን እንፈርዳለን? ለታመመው እንጸልይ፤ ስሙ ለተጠራውም ጋሻ እንሁን። ክፉ መንፈስ አለ ብለን እናምናለን። ሸክላ ሠሪ በመሆኗ ግን ማንም ሴት ጅብ አትሆንም።

የጌዴዎን ማሰሮ

ወደ ልጅቱ ልመልሳችሁ። ከድራማ ቡድኑ ሁለት ልጆች ይዤ፣ ቡናና ስኳር ገዝተን፣ እርሷው እየመራችን ቀጨኔ አያቷ ቤት ሄድን። ግቢው ውስጥ ያልተቃጠሉ ጀበናዎች ጥላ ሥር ተደርድረዋል። ጭቃው እጃቸው ላይ ሳይደርቅ በክርናቸው ጨበጡን። ያደረግነውን ነገርኳቸው። ይቅርታም ጠየቅኩ።

"እኔስ ለምጄዋለሁ ልጄ" አሉኝ። "እርሷ ናት ያልለመደችው። ባትለምደውም ነው የምወደው።"

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። ያዳነኝ ከልጆቹ አንዱ ነው። "እማማ፣ ማሰሮ ልንገዛ ነው የመጣነው" አላቸው።

"ስንት?"

"ሃያ።"

"ምን ሊሠራላችሁ?"

"ልንሰብረው ነው።"

እማማ እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ የጌዴዎንን ታሪክ ነገርናቸው፤ የቡዳውን ቤት ትዕይንት ሰርዤ በእርሱ ተክቼው ነበር። እስከ መጨረሻው አዳመጡና ተነሡ። "ደህናውን ምን በወጣው ትሰብሩታላችሁ? እሳት ላይ የተሰነጠቀ አለኝ፤ እርሱን ውሰዱ" አሉ። የስንጥቁን ዋጋ አንቀበልም ቢሉም እኛም አልሰማንም፤ ከፍለን ወሰድን።

እናንተም ይህን ትዕይንት መሥራት ብትፈልጉ አሠራሩን ልንገራችሁ። ማሰሮው አፉ ሰፊ ይሁን። በውስጡ ትንሽ የእጅ ባትሪ አብርታችሁ አፉን ወደ ደረታችሁ ያዙት፤ ሻማ አታድርጉ፣ ልብስ ያቃጥላል። መድረኩ ላይ ጆንያ አንጥፉ፤ ስባሪ እንዳይፈናጠር ከጆንያው ወጥታችሁ አትስበሩ። ሁሉም ጫማ ያድርግ። የፊት ረድፍ ወንበር ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይሁን። ሰፊ ቆርቆሮ ከጀርባ ሲወዛወዝ የነጎድጓድ ድምፅ ይሰጣል። ከነጭ አንሶላ ኋላ መብራት አስቀምጣችሁ ሦስት ልጆች ወደ ብርሃኑ ጠጋ ብለው ቢሮጡ፣ ጥላቸው ተልቆ የምድያም ሠራዊት ሲሸሽ ይመስላል። ከሁሉ በላይ አዳራሹን ፍጹም አጨልሙት፤ ጸጥታውንም አትቸኩሉበት።

በዚያ ምሽት የመጀመሪያውን ማሰሮ የሰበረችው ያች እኅት ናት። አያቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው ተቀምጠው ነበር። ማሰሮው ሲሰበርና ብርሃኑ ሲወጣ ሕዝቡ ደነገጠ፤ ሕፃናት አለቀሱ። እርሳቸው ግን አልደነገጡም። ስብራቱን አዩና አጠገባቸው ለተቀመጠችው ሴት አንድ ነገር ሹክ አሉ። በኋላ ስጠይቃት "ጭቃው በደንብ አልተነፋም ነበር" ማለታቸውን ነገረችኝ።

የካርቶን ጅቡ አሁንም የመዘምራን ዕቃ ቤት ውስጥ አለ። አንዱን ጆሮውን አይጥ በልቶታል። አዲስ ልጆች ወደ ኅብረቱ ሲገቡ አውጥቼ ውስጡን አሳያቸዋለሁ፦ ጋዜጣው ይነበባል፣ የብስኩቱ ስም ይታያል። "ይህን ማን ነው የሚፈራው?" ስላቸው ይስቃሉ። ከዚያ ስለ ቀጨኔ እነግራቸዋለሁ።

ለኅብረት ውይይት

1. በሰፈራችሁ ወይም በቤታችሁ "ከእነርሱ ጋር አትብላ" ተብሎ የተነገራችሁ ስለ እነማን ነው? የነገራችሁስ ማን ነው?

2. መሳፍንት 7ንና ኤርምያስ 10ን አንብቡ። በእጅ የተሠራ ነገር በአንዱ ለምን ዋለ? በሌላው ለምን ተነቀፈ?

3. በጸሎት ጊዜ የሰው ስም ቢጠራ ኅብረታችሁ ስሙ የተጠራውን ሰው እንዴት ይጠብቃል? ከመሪዎቻችሁ ጋር ተነጋገሩ።